የኢንተርኔት ፍጥነት መለኪያ ውጤትን ማንበብ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ነው። «መለኪያው ጥሩ ነው ይላል፣ ኢንተርኔቱ ግን ይንቀራፈፋል» የሚል ሰው ሳይደውልልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ውጤታችሁን ይዛችሁ ኑ። ሁለት ነገር ግን አደራ፦ መጀመሪያ በኬብል ለኩ። ስትጽፉም ዳውንሎዱን ብቻ አትጻፉ፤ አፕሎዱንና ፒንጉን (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ) ጨምሩ።

ጥያቄ፦ የገዛሁት 40 ሜጋ ነው፤ መለኪያውም 39 ይላል። ፋይል ሳወርድ ግን ከ4.7 አያልፍም። ተጭበርብሬ ይሆን?

መልስ፦ አልተጭበረበርክም። መለኪያው የሚቆጥረው በሜጋቢት ነው፤ ብሮውዘርህ ፋይል ሲያወርድ የሚያሳይህ በሜጋባይት። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ 39ን ለ8 ስታካፍል 4.9 ገደማ ይመጣል፤ ያንተ 4.7 እዚያው ነው። 1 ጊጋባይት ፋይል በ40 ሜጋቢት 200 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኔቴ ቀርፋፋ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቁጥር የለም። በኬብል ለካና ተመለስ።

ጥያቄ፦ ፓኬጄ 200 ሜጋ ነው። እንዳሉት በኬብል ለካሁ። ጠዋት 94፣ ማታ 94፣ እኩለ ሌሊትም 94። አቅራቢው ግማሹን ቆርጦብኝ ነው?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው፤ ሦስት ጊዜ ለክተህ መጣህ። 94 ተራ ቁጥር አይደለም። በኮምፒውተርህና በራውተሩ መካከል ያለው ኬብል በ100 ሜጋቢት እየሠራ እንደሆነ የሚናገር ምልክት ነው። አንድ ሙሉ ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ጥቅል) በሽቦው ላይ 1538 ባይት ቦታ ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ የአንተ ዳታ 1448 ባይት ያህሉ ነው። የቀረው አድራሻ፣ መቆጣጠሪያና በፓኬቶች መካከል የሚተው ክፍተት ነው። 1448ን ለ1538 አካፍል፤ 94 በመቶ ይወጣል። በጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) መስመር ላይም ጣሪያው በዚሁ ምክንያት 940 አካባቢ ነው።

መጨናነቅ ቢሆን ኖሮ ማታና ሌሊት አንድ ዓይነት ቁጥር አይሰጥህም፤ ይዋዥቅ ነበር። በኬብሉ ውስጥ 8 ሽቦዎች፣ ማለትም 4 ጥንዶች አሉ። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን በሁለቱ ብቻ ይሠራል። ከቀሩት አንዷ ሽቦ ብትበጠስ ወይም ጫፏ በደንብ ባይነካ፣ ሁለቱ መሣሪያዎች ማንንም ሳያስጠነቅቁ ወደ 100 ይወርዳሉ። ኢንተርኔቱ ስለማይቋረጥ ሰው አይጠረጥርም። በኮምፒውተርህ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የግንኙነቱን ፍጥነት እይ። 100 ካለ ኬብሉን ቀይር። ተቀይሮም 100 ካለ የራውተሩ ወይም የኮምፒውተሩ ፖርት ራሱ ባለ 100 ሊሆን ይችላል።

አባል ሀ፦ ይቅርታ መምህር፣ ኬብል ኬብል ይላሉ፤ ስልክ በምን ኬብል ይሰካል? ሰው የሚጠቀመው በዋይፋይ ነው። መለካት ያለበትም በሚጠቀምበት ነው።

አባል ለ፦ አልስማማም። በዋይፋይ ለክቶ አቅራቢውን መክሰስ ልክ አይደለም። የእኔ ራውተር ሦስት ግድግዳ ማዶ ነው፤ ጥፋቱ የግድግዳው ነው።

አባል ሀ፦ ግድግዳውን እኔ አልከሰስኩም። የምከፍለው ግን ለምጠቀምበት ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ለኩ፣ አትጣሉ። የኬብሉ ውጤት ስለ መስመሩ ይነግራችኋል፤ የዋይፋዩ ስለ ቤታችሁ። በኬብል 90፣ በዋይፋይ 20 ከሆነ አቅራቢው ጋ መደወል ትርፉ ድካም ነው። ራውተሩን ከጥግ አውጡ፣ የዋይፋዩን 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ሞክሩ፤ ከ2.4 ይልቅ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ኬብልን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ቪፒኤን የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ እሱን ሌላ ሰው ይመልስ። ስትለካ ብቻ አጥፋው።

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። ዳውንሎድ 95፣ አፕሎድ 8፣ ፒንግ 18፣ በኬብል። ቁጥሩ ለእኔ ጥሩ ይመስለኛል። ነገር ግን ልጄ የስልኳን ቪዲዮዎች ወደ ክላውድ መጫን ስትጀምር የእኔ የቪዲዮ ስብሰባ ይቆራረጣል፤ ድረ ገጽ እንኳ ለመክፈት ይዘገያል። ስትጨርስ ይስተካከላል። 95 ሜጋ እንዴት ለሁለት ሰው አይበቃም?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ጥያቄ ሰው ሁሉ ቢያነበው ደስ ይለኛል። 95ቱ ይበቃል፤ ችግሩ ወረፋ ነው።

ያ 18 የተለካው መስመሩ ባዶ ሳለ ነው። ልጅሽ መጫን ስትጀምር 8ቱ ሜጋ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ የመጣው ፓኬት ሞደሙ (ቤትሽን ከአቅራቢው መስመር ጋር የሚያገናኘው ሣጥን) ውስጥ ይሰለፋል። ሞደሙ 1 ሜጋባይት የሚይዝ ማቆያ አለው እንበል። 1 ሜጋባይት 8 ሜጋቢት ነው፤ በ8 ሜጋ መስመር እሱን ለማስወጣት ሙሉ 1 ሰከንድ ያስፈልጋል። ስለዚህ የአንቺ ድምፅ የያዘች ትንሽ ፓኬት ከኋላ ተሰልፋ 1 ሰከንድ ትጠብቃለች። ዳውንሎድም አብሮ ይጎዳል፤ «ደርሶኛል» የሚለው መልስ ወደ ላኪው የሚመለሰው በዚያው በተጨናነቀው አፕሎድ ነውና።

ይህ በሽታ ስም አለው፤ «በፈርብሎት» ይባላል። ስሙን በ2010 እና 2011 አካባቢ በሰፊው ያስተዋወቀው ጂም ጌቲስ ነው። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ኮዴል የተባለውን መፍትሔ አወጡ። ዘዴው ፓኬቱ ስንት ጊዜ እንደቆመ ያያል፤ ወረፋው ሲረዝምና ሳይቀንስ ሲቆይ አንዳንዱን እየጣለ ላኪው እንዲቀዘቅዝ ያደርጋል። ቀጥሎ የመጣው ኤፍኪው ኮዴል እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ሰልፍ ያስቆማል። የአንቺ ድምፅ ከልጅሽ ቪዲዮ ኋላ አይቆምም።

አሁን እንደገና ለኪ፤ ፒንጉን ግን በጭነት ጊዜ ተመልከቺ። የኡክላ ስፒድቴስት መለኪያ በዳውንሎድና በአፕሎድ ጊዜ ያለውን ፒንግ ለየብቻ ያሳያል። ፋስት ዶት ኮም የተባለው መለኪያም ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ስትነኪ ያሳይሻል። ከዚያ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ኤስኪውኤም (እንደ ኤፍኪው ኮዴል ባለ ዘዴ ወረፋውን ሥርዓት የሚያስይዝ ቅንብር) የሚል ካለ ክፈቺው፤ አፕሎዱን 7፣ ዳውንሎዱን 85 አድርጊ። ከተለካው ዝቅ የሚደረገው ወረፋው ሞደሙ ጋ ሳይሆን ራውተሩ ጋ እንዲሆን ነው፤ እዚያ ሥርዓት የሚያስይዘው አለ። ውጤቱን ይዘሽ ተመለሺ።

ጥያቄ፦ ለጌም ስንት ሜጋ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አሁን የጻፍኩትን አንብብ። ለጌም ሜጋ ሳይሆን ፒንግ ነው።

ጥያቄ፦ አነበብኩ። የእኔ ሰርቨር ሌላ አህጉር ነው፤ ባዶ መስመር ላይም 180 ነው። ፓኬጅ ባሳድግ ይወርዳል?

መልስ፦ አይወርድም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሰርቨሩ 10,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ ብቻ 100 ሚሊሰከንድ ነው። ቅርብ ሰርቨር ፈልግ።

አባል ለ፦ ስለ ሰርቨር ከተነሳ፣ የኡክላ ውጤት አይታመንም። ሁልጊዜ ቅርብ ሰርቨር መርጦ ያሳምረዋል። ፋስት ነው እውነቱ።

አባል ሀ፦ ፋስት የኔትፍሊክስ ነው፤ የሚለካውም ወደ ኔትፍሊክስ ሰርቨሮች ያለውን መንገድ ነው። እሱ ምን አዲስ እውነት ነገረህ?

መልስ፦ የለኩት መንገድ ይለያያል፤ ውሸታም ስለሆኑ አይደለም። ኡክላ ብዙ ግንኙነት በአንዴ ከፍቶ ቅርብ ሰርቨር ላይ ይገፋል፤ የመስመርህን ጣሪያ ያሳይሃል። የኤምላብ መለኪያ በአንድ ግንኙነት ብቻ ስለሚሠራ ዝቅ ሊል ይችላል። ኡክላ 90፣ ፋስት 15 ከሰጠህ መስመርህ ደህና ነው፤ ችግሩ ወደ ኔትፍሊክስ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ሁለቱ ሲለያዩ ነው ብዙ የምትማረው፣ አንዱን አትጣሉ።

ጥያቄ፦ 100 ሜጋ ገዝቼ ፋይል በ12 ብቻ ነው የሚወርደው። ለምን?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ለ8 አካፍል። እባካችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ ማታ ማታ 60 የነበረው ወደ 12 ይወርዳል። በዋይፋይ ነው።

መልስ፦ በኬብል ለካ። በኬብልም ከወረደ የጋራ መስመሩ ተጨናንቋል ማለት ነው፤ ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰዓቱን ጽፈህ ያዝና ለአቅራቢው ስጠው። «ማታ ይዘገያል» ከሚል ስልክ ይልቅ ዘጠኝ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይሰማል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ተመልሻለሁ፤ የልጅቷ እናት ነኝ። በአፕሎድ ጊዜ ፒንጉ 950 ነበር። ኤስኪውኤም ከፍቼ እንዳሉት 7 እና 85 አደረግሁ። አሁን 31 ነው፤ እየጫነችም ስብሰባ ገብቼ ወጣሁ፣ አልተቆራረጠም። ግን ዳውንሎዱ አሁን 84 ይላል። 11 ሜጋ ጠፋብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ያ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ አትመልሺው። 950 ወደ 31 የወረደው በእሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ አፕሎዱ በሌላ ቀን ከ7 በታች ከወረደ ወረፋው ወደ ሞደሙ ይመለሳል። ኤስኪውኤሙን ለጊዜው ዘግተሽ ማታ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ለኪ፤ ዝቅተኛውን ቁጥር ወስደሽ ከሱ ትንሽ ዝቅ አድርጊ። በኬብል።