መልስ፦ በአንድ በኩል ብቻ የሚነስር አፍንጫ፣ አልቅት ይሆን?

እህቴ፣ የ6 ዓመት ልጅዎ ገጠር ከርሞ ከመጣ ወዲህ በቀኝ አፍንጫው ብቻ ይነስረዋል፣ እዚያም ከምንጭ ጎንበስ ብሎ ይጠጣ ነበር ብለዋል። አዎ፣ አልቅት ሊሆን ይችላል። ከተማ ውስጥ ብዙም ስለማያጋጥም እንደ ተራ ነስር ይታለፋል። ስለዚህ የምንጩን ነገር ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ይንገሩት።

አልቅት ከሚጠጣው ውሃ ጋር ሲገባ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ደም እየጠጣ ያብጣል። ምራቁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሂሩዲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ነስሩ አልቆም የሚለው ለዚህ ነው። ቀናት ሲቆጠሩ ልጁ ደም ሊያንሰው ይችላል።

እባክዎን ቤት ውስጥ በወረንጦ አይሞክሩ። ሙልጭልጭ ነው፣ ሲነኩት ይሸሻል፤ በኃይል ከተሳበ ተበጥሶ ከፊሉ ይቀራል፣ ስስ ቆዳውንም ይቀድዳል። ጨው፣ ትምባሆ ወይም ነጭ ጋዝ ማፍሰስም አደጋ ነው፤ አልቅቱ ወደ ጉሮሮ ከወረደ የአየር ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል።

የአንገት በላይ ሐኪም ሊዶካይን የሚባል ማደንዘዣ ይረጭበታል፣ አልቅቱ ደንዝዞ እስኪለቅ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ በመቆንጠጫ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። ማንቁርት ላይ ከተጣበቀ ግን በሙሉ ማደንዘዣ ነው የሚወጣው። ሌላ አልቅት አለመኖሩ ይታይ፣ ደም አንሶት እንደሆነ ለማወቅ ሄሞግሎቢኑም ይለካ። ከወጣ በኋላም ለጥቂት ሰዓት ደም ሊያዥ ይችላል።

ድምፁ ከጎረነነ፣ ደም ከተፋ ወይም መተንፈስ ከከበደው ግን ነገ አይበሉ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።