መሬቱ የእኔ፣ አጋዘኑስ የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በአሜሪካ የባለመሬት የአደን ፈቃድ

(ከታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሚዙሪ ውስጥ 14 ኤከር (ወደ 5.7 ሔክታር) የገጠር መሬት ገዝተናል። ባለመሬት የአጋዘን ፈቃድ በነጻ ያገኛል ሲባል ሰማን። 7 ኤከር ያለው ጎረቤታችን ግን እንደማንኛውም ሰው ከፍሎ ነው የሚያወጣው። ልዩነቱ ከምን መጣ? እኛስ ምን እናዘጋጅ?

መልስ፦ የኤከሩ ብዛት ነው። ቀድሞ ለነጻው የአጋዘንና የተርኪ (ትልቅ ዶሮ መሰል የዱር ወፍ) ፈቃድ 5 ኤከር ይበቃ ነበር፤ ከ2020 ጀምሮ ወለሉ ወደ 10 ኤከር ከፍ ብሏል። ስለዚህ እናንተ ትገባላችሁ፣ ጎረቤታችሁ አይገባም። ነዋሪነታችሁ ሚዙሪ ካልሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው፤ 75 ኤከርና ከዚያ በላይ ያለው የውጭ ግዛት ሰው የሚያገኘው ነጻ ፈቃድ ሳይሆን የዋጋ ቅናሽ ነው።

መሬቱ የተያያዘ መሆን አለበት። መሐሉን መንገድ ወይም ወንዝ ቢያቋርጠው ችግር የለውም፤ 6 ኤከር እዚህ፣ 8 ኤከር ደግሞ ከሌላ ሰው እርሻ ማዶ ከሆነ ግን 14 ብሎ መደመር አይቻልም። ከማመልከታችሁ በፊት የባለቤትነት ሰነዱን፣ መሬቱ የሚገኝበትን ካውንቲ (የግዛቱ የአስተዳደር ወረዳ) እና በንብረት ግብር ደረሰኙ ላይ ያለውን የመሬት መለያ ቁጥር በእጃችሁ ያዙ። መሬቱ በግል ስም ሳይሆን በኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ) ወይም በትረስት (ንብረት በአደራ የሚያዝበት ሕጋዊ አካል) ስም የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ ማን እንደ ባለቤት እንደሚቆጠር አስቀድማችሁ አጣሩ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰነዱ ላይ ያለው ስምና ፈቃድ የጠየቀው ሰው ስም አይገናኝም።

ፈቃዱ ከተገኘም በኋላ የሚሠራው በራሳችሁ መሬት ላይ ብቻ ነው። ጓደኛ እርሻ ላይ ለማደን የሚሸጠውን ፈቃድ መግዛት ግድ ነው፤ ሁለቱን በመያዛችሁ ማደን የሚፈቀድላችሁ የወንድ አጋዘን ብዛት አይጨምርም። የገደላችሁትንም በዚያው ዕለት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት (በፈረንጆቹ 10 ሰዓት) በቴሌቼክ (የግዛቱ የታደነ እንስሳ መመዝገቢያ ሥርዓት) ማስመዝገብ አለባችሁ። «ፈቃዱ ነጻ ስለሆነ ምዝገባውም ይቀራል» ብሎ ማሰብ ለቅጣት ይዳርጋል።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ በነጻ ፈቃድ የሚያድን ባለመሬት የግዛቱን የዱር እንስሳት ጥበቃ ገንዘብ ይበላል ባይ ነው። ፈቃዱ ጥቂት ዶላር ነው፤ እውነት ይህን ያህል ይጎዳል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ያልተከፈለችው የፈቃድ ዋጋ የጉዳቱ ትንሹ ክፍል ናት። ትልቁ ያለው ዋሽንግተን ላይ በሚደረገው ቆጠራ ነው።

በ1937 የወጣው የፒትማን-ሮበርትሰን ሕግ ከረጅም ጠመንጃ፣ ከጥይትና ከቀስት ዕቃ 11 በመቶ፣ ከሽጉጥ ደግሞ 10 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ወደ አንድ ቋት ያስገባል። ታክሱን የሚከፍለው አምራቹ ወይም አስመጪው ስለሆነ ደረሰኝዎ ላይ አያዩትም፤ ዋጋው ውስጥ ግን አለ። ከሽጉጥና ከቀስት ታክስ ግማሹ በሕዝብ ብዛት ተሰልቶ ለአዳኞች ሥልጠና ይሄዳል። የቀረው ለግዛቶች ሲከፋፈል ግማሹ በቆዳ ስፋት፣ ግማሹ ደግሞ ከፍለው ፈቃድ ባወጡ ሰዎች ቁጥር ይደለደላል። ከፍለው የሚለው ቃል ነው ሁሉን የሚወስነው። በነጻ ፈቃድ የያዘ ወይም ሕጉ ፈቃድ የማይጠይቀው ባለመሬት በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም።

እንግዲህ ነገሩን ይመልከቱት፤ ባለመሬቱ ጠመንጃና ጥይት ሲገዛ ታክሱን እንደማንም ከፍሏል። ገንዘቡ ቋቱ ውስጥ ገብቷል። ተመልሶ ሲከፋፈል ግን የእርሱ ግዛት እርሱን ስላልቆጠረችው ድርሻው አዳኞቿን ወደቆጠረች ሌላ ግዛት ይሄዳል። ቋቱ አንድ ስለሆነ አንዱ ያልቆጠረውን ሌላው ይወስደዋል።

ለስሌት እንዲቀል በአዳኝ ቁጥር የሚከፋፈለው 300 ሚሊዮን ዶላር ነው እንበል፤ በመላ አገሪቱ የተቆጠሩት አዳኞች ደግሞ 15 ሚሊዮን። እያንዳንዱ ሰው ለግዛቱ 20 ዶላር ይስባል ማለት ነው። ለአንድ ግዛት 50 ሺህ ሰው ሳይቆጠር ሲቀር በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ትክክለኛው መጠን ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ የመሣሪያ ገበያው ሲሞቅ ይጨምራል፣ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል።

ሁለት ነገር ግን ባልደረባዎ እንዲያውቁ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ማንም ግዛት ከ5 በመቶ በላይ አያገኝም፣ ከግማሽ በመቶ በታችም አይወርድም። ቴክሳስና አላስካ ጣሪያውን ስለነኩ አዳኝ ቢጨምሩም ድርሻቸው አይጨምርም፤ ሮድ አይላንድን የመሰለች ትንሽ ግዛት ደግሞ ወለሉ ላይ ስለሆነች ጥቂት አዳኝ ብታጣ አይሰማትም። ጉዳቱ የሚሰማው መሐል ላይ ላሉት ነው። ሁለተኛ፣ የፌዴራሉ ገንዘብ 75 በመቶ ወጪ የሚሸፍነው ግዛቱ 25 በመቶውን ከራሱ ሲያወጣ ነው፤ ግዛቱ ቀድሞ ሠርቶ በኋላ ይተካለታል። ብዙ ግዛቶች ያቺን 25 በመቶ የሚያገኙት ከፈቃድ ሽያጭ ነው። ስለዚህ የፈቃድ ገቢ ሲደርቅ የጎደለው አንድ ዶላር ሌላ ሦስት ዶላር ይዞ ሊሄድ ይችላል። በሁለት የበጀት ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለውን የፌዴራል ገንዘብ ደግሞ ግዛቱ ያጣዋል፤ ለተሰዳጅ አእዋፍ ጥበቃ ይዛወራል።

ሚዙሪ በዚህ ረገድ ትለያለች። በ1976 ሕዝቡ በድምፅ ያጸደቀው የሽያጭ ታክስ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግብይት 12 ሳንቲም ተኩል ለጥበቃ ይሰጣል። አርካንሳስም በ1996 ተመሳሳይ መንገድ ይዛለች። እንዲህ ያለ ምንጭ ያለው ግዛት ለባለመሬት ቢለግስ አያስደንቅም። በፈቃድ ሽያጭ ብቻ የሚኖር ግዛት ግን እንዲህ ለጋስ ሲሆን ሒሳቡን በደንብ ያጤነው አይመስለንም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለባለመሬቱ በ1 ዶላር ቢሸጥለት ይቆጠራል ማለት ነው?

መልስ፦ በ1 ዶላር አይሆንም። የፌዴራሉ ደንብ አንድን ፈቃድ ለመቁጠር የግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በዓመት ቢያንስ 2 ዶላር የተጣራ ገቢ እንዲያገኝ ይጠይቃል፤ አደንና ዓሣ ማጥመድን በአንድ ለያዘ ፈቃድ 4 ዶላር። የተጣራ ማለት የሻጩ ኮሚሽን፣ የኮምፒውተር ሥርዓቱ ወጪ፣ የኅትመቱና የሠራተኛው ድርሻ ተቀንሶ የሚቀረው ነው። ስለዚህ ዋጋው 2 ዶላር ቢሆንም አይበቃም፤ 5 ዶላር አካባቢ ሲሆን መተንፈሻ ይኖረዋል።

እዚህ ላይ በምክር ቤት ክርክር የሚሰማ ስሕተት አለ። የነጻ ፈቃዱን ብዛት በሙሉ ዋጋ አባዝተው «ይህን ያህል አጣን» ይላሉ። ሙሉ ዋጋ ቢጠየቅ ግን ሁሉም አይገዛም። አሥር ባለመሬቶች አሉ እንበል። በነጻ ሲሰጣቸው ግዛቱ ምንም አያገኝም። በ20 ዶላር ሲሸጥ አራቱ ብቻ ቢገዙ 80 ዶላር ከሽያጭ፣ 80 ደግሞ ከቆጠራ (ከላይ ባልነው በአንድ ሰው 20 ዶላር)፣ በድምሩ 160 ይገባል። በ5 ዶላር አሥሩም ቢገዙና ከእያንዳንዱ 3 ዶላር ቢጣራ 30 ዶላር ከሽያጭ፣ 200 ከቆጠራ፣ በድምሩ 230 ይሆናል። ርካሹ ዋጋ የበለጠ ያስገባል።

ስሌቱን የሚያበላሸው ድርብ ቆጠራ ነው። አንድ ሰው አምስት ፈቃድ ቢኖረውም የሚቆጠረው አንዴ ነው። ከባለመሬቶቹ መካከል ሌላ ቦታ ለማደን ቀድሞውንም ፈቃድ የሚገዙ ካሉ አዲሱ ክፍያ በቆጠራው ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ስለዚህ ማንኛውም ሐሳብ ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ከእነዚህ ስንቱ ዛሬም ተቆጥሯል?» የሚል ነው።

የባለመሬቱም አቤቱታ ከንቱ አይደለም። አጋዘኑ በቆሎውንና አኩሪ አተሩን የሚበላው ከእርሱ እርሻ ላይ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚቀልበው እርሱ፣ ክፍያ የሚቀበለው ግዛቱ ይሆናል። በሕግ ግን አጋዘኑ በማንም መሬት ላይ ይቁም፣ ግዛቱ ለሕዝብ በአደራ የያዘው ሀብት ነው። ኦሃዮ ለነዋሪው ባለመሬት፣ ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ በራሳቸው መሬት ላይ ፈቃዱን ጨርሳ ትታለች፤ የተገደለው አጋዘን እንዲመዘገብ ብቻ ትጠይቃለች። ቴክሳስ ደግሞ በገዛ መሬትዎም ቢሆን ፈቃድ ያውጡ ትላለች፤ ከ2019 ወዲህ ነጻ ያደረገችው በግል መሬት ላይ የሚታደነውን ያመለጠ የዱር አሳማ ነው። እኛ መጠነኛ ክፍያው ይሻላል እንላለን፤ ግን ክፍያው በዝቶ ባለመሬቱ ሳይመዘገብ ማደን ከጀመረ ግዛቱ ገንዘቡንም የእንስሳቱን ቁጥር መረጃም ያጣል።

ጥያቄ፦ ኮሎራዶ ባለመሬት ቫውቸር ይሸጣል ሲባል ሰምቻለሁ። ይህስ የግዛቱን ገቢ አይወስድም?

መልስ፦ የፈቃዱን ገቢ አይወስድም። ቢያንስ 160 ኤከር የተያያዘ የእርሻ ወይም የግጦሽ መሬት ያለው ሰው ቫውቸር ሊያገኝ ይችላል። ቫውቸሩ ፈቃድ የመግዛት መብት እንጂ ፈቃዱ ራሱ አይደለም። የወሰደው አዳኝ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄዶ የፈቃዱን ሙሉ ዋጋ ይከፍላል፣ ስለዚህ ይቆጠራል። ለቫውቸሩ የከፈለው ደግሞ ለባለመሬቱ ነው። ደላላ መሐል መግባቱ ክልክል ነው። ቅሬታው ያለው ፈቃድ በዕጣ እስኪደርሳቸው ሲጠብቁ ዓመታት በሚያልፍባቸው ተራ አዳኞች ዘንድ ነው፤ የገንዘብ ሳይሆን የተራ ጥያቄ ነው።

ጥያቄ፦ በራሴ ኩሬ ላይ ዳክዬ ለማደን የፌዴራሉ ቴምብር (ከግዛቱ ፈቃድ ሌላ ለዳክዬና ለዝይ አደን የሚገዛው) ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ዕድሜዎ 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አዎ፤ ለዳክዬና ለዝይ የባለመሬት ነጻነት እዚህ አይሠራም። ዋጋው 25 ዶላር ነው፤ ከእያንዳንዱ ዶላርም 98 ሳንቲሙ ለአእዋፉ መኖሪያ መሬት መግዣና መከራያ ይውላል። የወረቀቱን ቴምብር ከያዙ በፊቱ ላይ በቀለም ይፈርሙበት፤ ያልተፈረመበት አይሠራም። ለእርግብ ብቻ የሚወጡ ከሆነ ቴምብሩ አያስፈልግም፤ የግዛትዎን የተሰዳጅ አእዋፍ ደንብ ግን ይመልከቱ።