የማይከብድ ቫኪዩም ለጠባብ ቤት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዳማ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። ቤቴ ባለ አንድ መኝታ፣ 45 ካሬ ገደማ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ሲሆን ሳሎን ሁለት በሦስት የሆነ ወፍራም ምንጣፍና ሶፋ አለኝ። በበጋ መስኮት ዘግቼም አቧራው ይገባል። ያለኝ ቫኪዩም የሚጎተት፣ 1,800 ዋት ነው፤ ሰባት ኪሎ ስለሚመዝን ወገቤን ያመኛል። ሰሞኑን ደግሞ የመቃጠል ሽታ እያወጣ መሳቡም ደክሟል። ቀለል ባለ ልቀይረው ብል ሻጮች የሚያወሩኝ ስለ ዋት ብቻ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣው ወንድሜ «ገመድ አልባ ላምጣልሽ» ብሎኛል። የቱ ይሻለኛል?
አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌውን አንዴ ይፈትሹት። እንደ እርስዎ ያለው ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሚስበው አየር ነው። ከረጢቱ ወይም ፊልተሩ ሲደፈን መሳቡ ይደክማል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሽታው ይመጣል። ከሶኬት ነቅለው ከረጢቱን ያውጡ፤ ከሞተሩ ፊት ያለችውን ስስ ስፖንጅና ከኋላ ያለውን ፊልተር ይዩ። ቀጥሎ ቱቦውን አቁመው አንድ ብር ሳንቲም ከላይ ይልቀቁ። ሳንቲሙ መሀል ላይ ከቀረ የተደፈነው እዚያ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ በአየር ማውጫው በኩል ብልጭታ ከታየ ካርቦኑ (ለሚሽከረከረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው ቁራጭ) አልቆ ሊሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁለቱንም ካርቦኖች በአንድ ላይ ይቀይራቸዋል (አንዱን ብቻ መቀየር ትርፉ መመላለስ ነው)። እንደ ፉጨት የሚጮህ ከሆነ ግን ኩሺኔታው ሄዷል። ያኔ ገንዘቡን ለአዲሱ ያቆዩት።

አሁን ወደ ምርጫው። ዋት ማለት ሞተሩ ከቆጣሪ የሚበላው እንጂ የሚስበው አቧራ መጠን አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከመስከረም 2017 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ ከ900 ዋት በላይ የሚበላ የቤት ቫኪዩም ለገበያ ማቅረብ ተከልክሏል፤ ቤታቸው ግን ምንጣፉም ሶፋውም ይጸዳል። ስለዚህ 2,000 ዋት የሚል ተለጣፊ አያማልልዎት። ካርቶኑ ላይ ኪሎ ፓስካል የሚል ቁጥር ካለ እሱ የመሳብ ኃይሉን ይነግራል። ግን ይህም የሚለካው አፉ ሙሉ በሙሉ ተደፍኖ አየር በማያልፍበት ጊዜ ነው። ሻጩ መዳፍዎን አስደግፎ «ይኸው ያዘሽ!» የሚልዎትም ይህንኑ ነው። ምንጣፍ ውስጥ የተቀበረ አቧራ የሚወጣው በኃይሉና በአየሩ ብዛት በአንድነት ነው፤ ምንጣፉ ወፍራም ከሆነ ደግሞ የሚሽከረከር ብሩሽ ያግዛል።

ክብደቱን በተመለከተ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኪሎ ብቻ አይዩ፤ ክንድዎ ላይ የሚያርፈውን ይመዝኑ። ገመድ አልባው ባለ ዘንግ ሁለት ኪሎ ተኩል ቢሆን ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ የአቧራ ጎድጓዳውም ያሉት ከእጅዎ አጠገብ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተሸክመውት ነው የሚሠሩት። አነስተኛው ተጎታች አራት ኪሎ ቢመዝን መሬት ላይ በጎማው ይንከባለላል፤ እጅዎ የሚይዘው ቱቦውንና ዘንጉን፣ አንድ ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። አራተኛ ፎቅ መኖርዎም ብዙ ለውጥ አያመጣም፣ በየቀኑ ደረጃ ይዘውት አይወጡምና። ወገብዎን የሚጎዳው ይበልጡኑ ማጎንበሱ ነው። ዘንጉ እንደ አንቴና የሚረዝምና የሚያጥር ይሁን። ቀጥ ብለው ቆመው፣ ክንድዎ ዘና ብሎ፣ አፉ ወለሉን በሙሉ ከነካ ልኩ ያ ነው። ሱቅ ውስጥ ይህን ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከክብደቱ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የአዳማ አቧራ ነው። ደቃቅ ነው፣ ያለ ማቋረጥ ይመጣል። ከረጢት የሌለውና አቧራውን በጎድጓዳ የሚያጠራቅም ቫኪዩም አዲስ ሳለ ያስደስታል። ደቃቁ አቧራ ግን ከጎድጓዳው አልፎ ፊልተሩ ላይ ይጋገራል፤ ጎድጓዳውን በደፉ ቁጥር ደግሞ ግማሹ ወደ ፊትዎ ይመለሳል። ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የወረቀት ወይም የጨርቅ መሳይ ከረጢት ያለው ግን ተዘግቶ እንደተጠቀለለ ይጣላል።

ስለዚህ የእኛ ምርጫ ባለ ከረጢት አነስተኛ ተጎታች ነው፦ ከነቱቦው ከአራት ኪሎ ተኩል የማይበልጥ፣ ከ700 እስከ 900 ዋት፣ ገመዱ ቢያንስ አምስት ሜትር። ችግሩ ከረጢቱን ማግኘቱ ነው። ከማሽኑ ጋር አብረው አሥር ያህል ይግዙ፤ ባለ ሦስት ሊትሩን በአምስት ሳምንት አንዴ ቢቀይሩ አንድ ዓመት ያደርስዎታል። ሻጩ ከረጢት የለኝም ካለ ማሽኑንም ይተዉለት። የሞላውን አራግፎ መልሶ መጠቀም አይሠራም። ደቃቁ አቧራ የወረቀቱን ቀዳዳ ስለሚደፍነው መሳቡ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከረጢቱ ውስጥ ተቀዶ አቧራው ሞተሩ ላይ ይበተናል። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይቀይሩት።

ፊልተሩ ሄፓ (እጅግ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር) ነው ቢሉዎት ደረጃውን ይጠይቁ። ኤች 13 የሚባለው ለመያዝ እጅግ ከሚያስቸግሩት ጥቃቅን ብናኞች 99.95 ከመቶውን፣ ኤች 12 ደግሞ 99.5 ከመቶውን ያስቀራል። ነገር ግን ፊልተሩ ምርጥ ሆኖ የክዳኑ ጎማ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ አንድ ማንኪያ ነጭ ዱቄት በወረቀት ይዘው ይሂዱ፣ ሱቁ ባስነጠፈው ምንጣፍ ቁራጭ ላይ ነስንሰው ያስስቡት። ማሽኑ ሲሠራ አየር ማውጫው ላይ ጥቁር እርጥብ ጨርቅ ለግማሽ ደቂቃ ይደግኑ። ጨርቁ ላይ ነጭ ከታየ ቤትዎም ሲገባ የሚያደርገው ያንኑ ነው። «አይፈቀድም» የሚል ሻጭ ቢያጋጥምዎ ሌላ ሱቅ አለ።

ወንድምዎ ገመድ አልባውን ካመጡልዎ እምቢ አይበሉ፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል፣ ለፍርፋሪና ለሶፋ ምቹ ነው። ከመግዛታቸው በፊት ግን ይህን ይንገሯቸው። ባትሪው በእጅ የሚነቀል ይሁን፤ ሊቲየም ባትሪ ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አቅሙ ስለሚወርድ ተነቃይ ካልሆነ ማሽኑን በሙሉ መጣል ሊመጣ ነው። ካርቶኑ ላይ 40 ደቂቃ ቢል ያ በዝቅተኛው ፍጥነት ነው፤ በከፍተኛው አብዛኞቹ አሥር ደቂቃም አይሞሉም። ለእርስዎ ምንጣፍ አምስት ደቂቃ በከፍተኛው፣ ሌላው በዝቅተኛው ይበቃል። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» መጻፉን ያረጋግጡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል። ትርፍ ባትሪ ካለ የሚጓዘው በእጅ ሻንጣ ነው፤ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፣ ለምሳሌ 25.2 ቮልትና 2.5 አምፒር ሰዓት የሆነው፣ ሁለቱ ሲባዙ፣ 63 ዋት ሰዓት ነው። ባለ ገመድ የአሜሪካ ቫኪዩም ግን ጭራሽ አያምጡ። 220 ላይ በቀጥታ ቢሰካ ሞተሩ ከአቅሙ ሦስት እጥፍ በላይ በልቶ ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር እንግዛለት ቢባል ለ1,400 ዋት ማሽን የ2,000 ዋት ያስፈልጋል፤ እሱ ራሱ ከቫኪዩሙ ሊከብድ ይችላል። ቀላል ፈልገን ሁለት ሸክም!

ባትሪውን ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ ቻርጅ አያድርጉ፤ ሙቀት የሊቲየም ጠላት ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀሉና ተመልሶ እስኪረጋጋ ይቆዩ።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ለሴራሚኩ ቫኪዩም የግድ አይደለም። እርጥብ መወልወያ አቧራውን ሳያስነሳ ይይዛል። ማሽኑን ለምንጣፉ፣ ለሶፋውና ለአልጋ ሥር ካዋሉት ዕድሜው ይረዝማል።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ገመድ አልባ ቫኪዩም በሦስተኛ ወሩ መሳብ አቆመ። ፊልተሩን አጥቤ ብመልሰውም ክፉ ሽታ አመጣ። ብሩሹም አልዞር ብሏል። ተበላሽቶ ነው?
ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ

መልስ፦ ምናልባት አልተበላሸም። ሽታው ፊልተሩ ሳይደርቅ ከመመለሱ የመጣ ነው። እንደገና ያውጡት፤ መጀመሪያ ደረቁን ቆሻሻ በቀስታ ያራግፉ፣ ከዚያ ያለ ሳሙና በቀዝቃዛ ውኃ ጠርቶ እስኪወርድ ይጠቡት። ጨምቀው ንፋስ በሚያገኝ ጥላ ሥር ሙሉ 24 ሰዓት ያቆዩት። የአዳማ ፀሐይ በሁለት ሰዓት ያደርቀዋል ብለው አይቸኩሉ፤ የፕላስቲክ ጠርዙ ከተጣመመ ጎኑ ላይ አየር ያስገባል። እርጥቡ ፊልተር ከመሽተቱም በላይ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ይዘጋዋል። ሁለተኛ ፊልተር ገዝተው ቢያፈራርቁ ችግሩ ይቀልልዎታል። ታጥቦ የማያውቅ ወፍራም ወረቀት መሰል ፊልተር ካለው ግን መመሪያው «ይታጠባል» ካላለ ውኃ አያስነኩት።

ጎድጓዳውን ሲያወጡ መሀል ላይ ወንፊት የመሰለች ሾጣጣ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ፊልተሩን አጥቦ እሷን ይረሳል፤ የጥርስ ብሩሽ ይበቃታል።

ብሩሹን በተመለከተ ባትሪውን ነቅለው ይገልብጡት። በሁለቱ ጫፎች ላይ ፀጉርና ክር ተጠምጥሞ ያገኛሉ፤ ቡና ሲፈላ የሚጎዘጎዘው ቄጤማ ደግሞ የባሰ ይተበተባል። በመቀስ በብሩሹ ርዝመት ቆርጠው ይንቀሉት። ተጠርጎም ካልዞረና የሞተሩ ድምፅ ብቻ ከተሰማ፣ በቺንጋ የሚዞር ዓይነት ከሆነ ቺንጋው ተበጥሷል። ወደፊት ቄጤማውን አስቀድመው በመጥረጊያ ያንሱት። ከከሰል ማንደጃ የፈሰሰ አመድም፣ የቀዘቀዘ ቢመስልም፣ በቫኪዩም አይሳብም፤ ውስጡ ረመጥ ካለ ጎድጓዳውን ያቀልጣል፣ ቀዝቃዛውም ቢሆን ፊልተሩን በአንድ ቀን ይደፍነዋል።

ጥያቄ፦ በመኪና ሲጋራ መለኮሻ የሚሠራው ባለ 12 ቮልት ቫኪዩም ለአንድ ክፍል ቤት አይበቃም?
ከአዳማ፣ ተከራይ

መልስ፦ አይበቃም። የመኪናው ሶኬት አብዛኛውን ጊዜ እስከ አሥር አምፒር ስለሚሰጥ ማሽኑ ከ120 ዋት ብዙም አያልፍም፤ የብስኩት ፍርፋሪና የወንበር ሥር አሸዋ ያነሳል፣ ምንጣፍ ግን አይችልም። ቤት ውስጥ ለማሠራትም ሌላ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ለአንድ ክፍል ጥሩ መጥረጊያና መወልወያ ይዘው፣ ምንጣፉን በሳምንት አንዴ ውጭ ሰቅለው ከጀርባው በኩል ቢያራግፉት ይሻላል።