ከአንባቢያን፦ ለአትክልት ማሳያ ሜዳሊያ የሚሰጠው በምን መስፈርት ነው?

ለዚህ እትም የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የአበባ ትርኢትን የሚመለከቱ ናቸው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን አምስቱን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በቴሌቪዥን የለንደኑን የቼልሲ የአበባ ትርኢት ሳይ በአንድ ጠዋት ብዙ ሰዎች ወርቅ ተሸለሙ። ውድድር ከሆነ ወርቁ ለአንድ ሰው ብቻ መሰጠት አልነበረበትም? (አንባቢ፣ አዲስ አበባ)

እንደ ሩጫ ካሰቡት ግራ ያጋባል፣ እንደ ፈተና ካሰቡት ግን ይቀላል። አንድ ተማሪ «ኤ» ስላመጣ የጎረቤቱ «ኤ» አይቀነስም። ቼልሲም እንደዚያ ነው። እያንዳንዱ ማሳያ የሚለካው በተቀመጠው መስፈርት እንጂ አጠገቡ ካለው ጋር ተወዳድሮ አይደለም። በአንድ ምድብ ስድስት ወርቅ ሊሰጥ ይችላል፣ አንድም ላይሰጥ ይችላል።

ትርኢቱን የሚያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1804 የተመሠረተው የብሪታንያው ሮያል ሆርቲካልቸራል ሶሳይቲ ነው። ከ1913 ጀምሮ የሚካሄደው በለንደን በሮያል ሆስፒታል ቼልሲ ግቢ ሲሆን ጊዜውም በግንቦት ነው። በኮሮና ምክንያት የ2021ዱ ወደ መስከረም ተዛውሮ ነበር። ሜዳሊያው አራት ደረጃ አለው፦ ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብር፣ ብር እና ነሐስ። ነሐስ ላይ ያልደረሰ ምንም አያገኝም። እርስዎ የፈለጉት «አንደኛ» ሌላ ሽልማት ነው። ከትልልቆቹ የአትክልት ስፍራዎች መካከል ምርጥ የተባለው አንዱ ለብቻው ይሸለማል። ከዚህ ሌላ ለግንባታ ጥራት የሚሰጥ ሽልማት አለ፣ ሕዝብ በድምፁ የሚመርጠውም አለ። የሕዝብ ምርጫና የዳኞች ምርጫ ሳይገናኙ የሚቀሩበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ሊያስገርም አይገባም፤ ጎብኚ የሚመርጠው ልቡን የሳበውን ነው፣ ዳኛው ግን በእጁ ቅጽ ይዟል።

በድሮ ፎቶዎች «የሆግ ሜዳሊያ» ወይም «የናይት ሜዳሊያ» የሚል ካርድ ካዩ እነዚህ በማኅበሩ ታሪክ ስመ ጥር በሆኑ ሰዎች የተሰየሙ ናቸው። የመጀመሪያው ለፍራፍሬ፣ ሁለተኛው ለጓሮ አትክልት ይሰጥ ነበር።

ጥያቄ፦ የላንድስኬፕ ዲዛይን ተማሪ ነኝ። ዳኞች መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው? ነጥብ የሚያስቀንሰውስ? (ከሐዋሳ)

መጀመሪያ የሚያዩት አትክልቱን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። ዲዛይነሩ ከትርኢቱ በፊት አጭር የሥራ መግለጫ ያስገባል። በዘርፉ «ብሪፍ» ይሉታል። ቦታው ለማን እንደተሠራ፣ የት እንዳለ ተደርጎ እንደታሰበ፣ ለምን አገልግሎት እንደሆነ፣ ምን ስሜት እንዲሰጥና ምን ዓይነት ተክል እንደሚይዝ ይዘረዝራል። ዳኛው ይህን አንብቦ «ያለውን ሠርቷል ወይ?» ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ ብዙ ሰው ነጥብ የሚያጣው ሥራው ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው፤ ቃሉ ከእጁ ይበልጣል።

ምሳሌ እንስጥ። መግለጫዎ «በዛፍ ጥላ ሥር ያለ እርጥብ ቦታ» ካለ ላቬንደርና ሮዝመሪ እዚያ ምን ይሠራሉ? ሁለቱም ፀሐይና ደረቅ አፈር ፈላጊ ናቸው። ለአምስት ቀን ትርኢት አይሞቱም፣ ግን ዳኛው የሚጠይቀው በሚቀጥለው ዓመትም እዚያ ይኖሩ እንደሆነ ነው። «በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው» ብለው መንገዱን 80 ሴንቲ ሜትር ካደረጉትና መታጠፊያው ላይ ዊልቸሩ መዞር ካልቻለ፣ አበባው ምን ቢያምር ዋናው ነጥብ ሄደ። መንገዱን ቢያንስ 120 ሴንቲ ሜትር፣ መዞሪያውን 150 በ150 ያድርጉት። ሌላው ስህተት በግንባታ መሃል የሚመጣ ነው። የታሰበው ድንጋይ ዘገየና በኮንክሪት ተተካ፣ ወረቀቱ ግን አሁንም «የአካባቢ ድንጋይ» ይላል። ቁሳቁስ በለወጡ ቁጥር መግለጫውን አውጥተው ያንብቡት፤ ማስተካከል የሚፈቀድበት ቀን ካላለፈ ያስተካክሉት፣ ካለፈ ግን ቃልዎን የሚጠብቅ ቁሳቁስ ይፈልጉ።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የ2022ቱ የቼልሲ ምርጥ የአትክልት ስፍራ ነው። ሉሉ ኧርኳርትና አዳም ሀንት የሠሩት፣ ቢቨር የተባለው ግድብ ሠሪ እንስሳ ተመልሶ የሰፈረበትን የእንግሊዝ ገጠር የሚያሳይ ሥራ ነበር። የደረቀ ግንድ፣ የተከመረ ጭራሮ፣ ሌላ ቦታ አረም ተብሎ የሚነቀል የዱር ተክል ነበረበት። ብዙ ጎብኚ «ይሄ አትክልት ነው?» ብሎ ተከራክሯል። መግለጫው የጠየቀው ግን እሱኑ ነበር፣ ሥራውም ያንን በጥንቃቄ ፈጸመ። በእኛ እምነት ፍርዱ ትክክል ነው፤ የተዝረከረከ የሚመስል ነገር ሆን ብሎ መሥራት ቀጥ ያለ አጥር ከመከርከም ይከብዳል።

ከመግለጫው ቀጥሎ የሥራው ድፍረት፣ አጠቃላይ ገጽታው፣ ድባቡ፣ የቦታ አከፋፈሉ፣ ተከላውና ግንባታው ይታያሉ። ተከላ ላይ ዳኛ ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው። የፕላስቲክ ማሰሮ ጠርዝ ከአፈር ወጥቶ መታየት፣ ቢጫ ቅጠል፣ የረገፈ አበባ ያልተለቀመበት ግንድ፣ ሁሉም ተክል በአንድ ቁመት መቆሙ ነጥብ ይበላሉ። ተክሉን ማሰሮውን እንደያዘ የሚቀብሩት ከሆነ ጠርዙ ከአፈሩ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ ላዩን በኮምፖስት ወይም በቅርፊት ይሸፍኑት። ተክሉን በአጥር በኩል ብቻ ሳይሆን ጎብኚው ከሚቆምበት ጎን ሁሉ ይመልከቱት።

ግንባታ ላይ ዳኛው የሚያየው የድንጋዩን ዋጋ ሳይሆን ፉጋውን፣ ማለትም በንጣፍ ድንጋዮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። ፉጋው ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን፤ 8 ሚሊ ሜትር ብለው ከጀመሩ በ8 ይጨርሱ፣ ግድግዳ ጋ ሲደርስ የተቆረጠ ቀጭን ቁራጭ አይግባ። ይህ የሚመጣው ንጣፉን ከጥግ ጀምሮ ከመሥራት ነው። መጀመሪያ በደረቁ ዘርግተው ይለኩ፣ ቁራጭ የግድ ከሆነም በማይታየው ጎን ያድርጉት። ንጣፉ በሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ያዘንብል፤ በሌሊት ዘንቦ ጠዋት ኩሬ ይዞ የሚያድር ንጣፍን ዳኛው ሳያይ አያልፍም። የውጭ ደረጃ ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር፣ መርገጫው ከ35 እስከ 40 ቢሆን እግር አያደናቅፍም፤ ሁሉም ደረጃ ግን እኩል መሆን አለበት። የውኃ ገንዳ ካለ ጠርዙን በውኃ ልክ ሁለቴ ይፈትሹ። ግድግዳ ትንሽ ቢያጋድል ዓይን ይታለላል፣ ውኃ ግን አይዋሽም፤ በአንድ በኩል ጠርዙን ነክቶ በሌላው 2 ሴንቲ ሜትር ከጎደለ ሁሉም ሰው ያየዋል።

ውጤቱ ከወጣ በኋላ ዳኞች ለዲዛይነሩ በቃል ማብራሪያ ይሰጣሉ። ብር ያገኘ ሰው ከሜዳሊያው ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ንግግር ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ችግኝ እሸጣለሁ። ለአንድ ኤግዚቢሽን ማሳያ ሥሪ ተብያለሁ፤ አበቦቹ ልክ በዕለቱ እንዲፈነዱ እንዴት ላድርግ? (ከአዲስ አበባ)

ከቀኑ ወደኋላ ይቁጠሩ። ፔቱኒያ ከዘር እስከ አበባ ከ10 እስከ 12 ሳምንት፣ ማሪጎልድ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈልጋል። ጽጌረዳ ከተገረዘ በኋላ በሞቃት ቆላ ከ6 እስከ 7 ሳምንት፣ በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ደግሞ ከ8 እስከ 9 ሳምንት ይወስድበታል። እነዚህን ቁጥሮች መነሻ ያድርጓቸው እንጂ በግቢዎ አንድ ዙር ሞክረው የራስዎን ቀን ይመዝግቡ፤ ጥላ ያለበት ግቢና ፀሐይ የሚመታው ግቢ በአንድ ሳምንት ይለያያሉ።

ሁሉንም በአንድ ቀን አይግረዙ። ጽጌረዳውን ሦስት ቦታ ከፍለው በ6 ቀን ልዩነት ይግረዙት፤ ቅዝቃዜ ቢያዘገየው የመጀመሪያው ክፍል፣ ሙቀት ቢያፈጥነው የመጨረሻው ያወጣዎታል። ቀድሞ ሊፈነዳ የደረሰውን ወደ ቀዝቃዛ ጥላ፣ የዘገየውን ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያስገቡ። ፔቱኒያ ቶሎ ካበበ ጫፉን ይቀንጥሱት፤ ቅርንጫፍ ጨምሮ ተመልሶ እስኪያብብ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ትርኢቱ ሊደርስ 10 ቀን ሲቀር መቀንጠስ ማለት ባዶ ተክል ይዞ መሄድ ነው።

ክሪሳንተመም ለብቻው ነው። የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው፣ የእኛ ሌሊት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ገና በጨቅላነቱ ማበብ ይጀምራል። እንዲያድግ ከፈለጉ በእኩለ ሌሊት ለጥቂት ሰዓት መብራት ያብሩለት፤ መብራቱን ካቋረጡ በኋላ እንደ ዝርያው ከ7 እስከ 10 ሳምንት ያብባል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህን ተክል የማሳያዎ ዋና አያድርጉት።

ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ ትርፍ ያዘጋጁ። ጭነት ላይ የሚሰበረው ከሚያስቡት ይበልጣል። ከጭነቱ በፊት በነበረው ምሽት ያጠጡ እንጂ ጠዋት አያጠጡ፤ እርጥብ ፌስታል ይከብዳል፣ ቅጠሉም ይጣበቃል። ዐደይ አበባን በመስከረም ለማሳየት ብዙ ድካም የለም፤ ለጥር ትርኢት ቃል የገባ ግን ቃሉን ከመስጠቱ በፊት ቢያማክረን ይሻለው ነበር።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝ ነው የምኖረው። የአገራችን ተክል በእንዲህ ዓይነት ማሳያ ላይ ይገባል? (ከበርሚንግሃም)

እንዴታ። ቀይ ቅጠል ያለው እንሰት፣ «ሞሬሊ» የሚባለው ዝርያ፣ በብሪታንያ አትክልተኞች ዘንድ በጣም የታወቀ ነው፤ የሚተክሉት ለቅጠሉ ውበት እንጂ ለቆጮ አይደለም። ነጭ አበባ፣ መሃሉ ጠቆር ያለው ግላዲዮለስ ሙሪየሌም ከኢትዮጵያና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ነው። በስም አይታለሉ፦ ካላ ሊሊ በላቲን ስሙ «ኤትዮፒካ» ቢባልም አገሩ ደቡብ አፍሪካ ነው። ጥንት አውሮፓውያን ለአፍሪካ ሰፊ ክፍል ይህን ስም ይሰጡ ስለነበር ነው። ማሳያዎ ላይ «የኢትዮጵያ ተክል» ብለው ከጻፉበት እርማት ይጠብቅዎታል።

እንሰቱ ውርጭ አይችልም። የቼልሲ ጊዜ ሲደርስ ትልቅ ቅጠል እንዲኖረው ክረምቱን ሙሉ ከውርጭ ነፃ በሆነ ግሪን ሃውስ መቆየት አለበት። ዋናው ጠላቱ ነፋስ ነው፤ ቅጠሉ በደም ሥሩ መስመር ይሰነጠቃል። ሲያጓጉዙት ቅጠሉን ወደ ላይ ሰብስበው በለስላሳ ጨርቅ ይሰሩት፣ በገመድ ብቻ አይሰሩት። ከአገር ቤት በሻንጣ ችግኝ ማምጣትን ግን አያስቡት፤ ያለ ተክል ጤና የምስክር ወረቀት አይገባም። እዚያው ካለ ችግኝ አፍዪ መግዛት ይቀላል።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን የአትክልት ክበብ ትንሽ ትርኢት ልናዘጋጅ ነው። ባለፈው ጊዜ በዳኝነት ተጣልተናል። ምን ይሻላል? (መምህር፣ ደሴ)

ለእያንዳንዱ ቡድን እኩል ቦታ ይስጡ፤ 3 በ4 ሜትር ይበቃል። ከሳምንት በፊት በ60 ቃል የተጻፈ መግለጫ ይረከቡ፣ ከዚያ በኋላ መለወጥ አይፈቀድም። ዳኞች ሦስት ይሁኑ፣ የክበቡ መምህር ከነሱ አንዱ አይሁን፤ ጠቡ ምናልባት የመጣው ከዚህ ነው። ልጁ ወይም የወንድሙ ልጅ የሚወዳደርበት ዳኛ ያንን ማሳያ አይንካ።

ቅጹን ከ20 ነጥብ ያድርጉት፦ መግለጫውን መፈጸም 6፣ ተከላ 6፣ ቅንብር 4፣ ግንባታና ንጽሕና 4። 18 እና ከዚያ በላይ ወርቅ፣ ከ15 እስከ 17 ብር፣ ከ12 እስከ 14 ነሐስ። የሦስቱ ዳኞች ነጥብ አማካይ ክፍልፋይ ይዞ ከመጣ ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋ፤ ይህንንም አስቀድመው በቅጹ ላይ ይጻፉት። ዳኞች መጀመሪያ እየዞሩ ዝም ብለው ይዩ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው ይሙላ፣ ውይይት የሚመጣው ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው። በቅድሚያ ከተወያዩ በዕድሜ የገፉት ዳኛ የተናገሩት የሁሉም ነጥብ ይሆናል። በሁለት ዳኞች መካከል ከ5 ነጥብ በላይ ልዩነት ካለ ሦስቱም ተመልሰው ማሳያውን አብረው ይዩት።

ዳኝነቱ ወላጆች ከመግባታቸው በፊት፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ይጀመር። ፀሐይ ከበረታ በኋላ ተክል ይጠወልጋል፣ መጨረሻ የታየው ቡድን ያለ ጥፋቱ ይቀጣል። ወርቅ የሚገባው ከሌለ ወርቅ አይስጡ። ካርዱን ከማሳያው ፊት ሲያስቀምጡ ከጀርባው በሁለት መስመር ምን እንደጎደለ ይጻፉ።