መልስ፦ ያው ውሃ ጊቤ ሁለት ላይ ለምን ይበልጥ ያመነጫል?

ወንድሜ፣ ስለ ሁለቱ የውሃ ኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች «ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ብቻ እያመነጨ፣ ያው ውሃ ጊቤ ሁለት ላይ 420 የሚሰጠው ከየት አምጥቶ ነው?» ላልከው፣ ነገሩ ያለው በውሃው ብዛት ሳይሆን በሚወርድበት ከፍታ ላይ ነው።

ከእኛ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ የምታየው ሰፊ ሐይቅ የግልገል ጊቤ ወንዝ ለጊቤ አንድ ተገድቦ የተፈጠረ ነው። ግድቡ 40 ሜትር ገደማ ነው፤ ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ጀመረ። ጊቤ ሁለት ግን የራሱ ትልቅ ሐይቅ የለውም። ጊቤ አንድ ተጠቅሞ የለቀቀውን ውሃ ይቀበልና፣ ተራራውን ሰንጥቆ በሚያልፍ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወስዶ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይለቀዋል፤ 500 ሜትር ያህል ቁልቁል! ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ይሄ ጉልበት ነው። ዋሻው ብዙ ልፋት ጠይቋል፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ በከፊል ተደርምሶ ለወራት ቆሞ ነበር።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ደለሉ ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ የገበሬውን ቀይ አፈር ይዞ ነው የሚወርደው። ያ ሁሉ አፈር ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። ሁለቱም ጣቢያዎች የሚጠጡት ከዚያው ቋት ስለሆነ፣ እሱ በጠበበ ቁጥር ሁለቱም ይጎዳሉ።