የክረምት ዋንጫውና የጀሪካኑ ነገር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። የሰፈራችሁ የክረምት ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። አጎራባች ወረዳ ላይ ኮሌራ ታየ የሚል ወሬ መጥቷል። ግማሹ ኮሚቴ «እናቁም» ይላል፣ ግማሹ «ኳስ ኮሌራ አያመጣም» ይላል። አንተ መሃል ላይ ሆነህ «ልምድ ያላችሁ ምን ትላላችሁ?» ብለሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ወይ «ነፍስ ይቀድማል» ወይ «ወጣቱ ጫት ቤት ከሚውል ይጫወት» ብለው አልፈዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ቅዳሜ ጠዋት ሜዳ ላይ ስትቆም ምን እንደምታደርግ አይነግሩህም።

እኔ ባህር ዳር ውስጥ ታዳጊ ቡድን ይዤ የሰፈር ዋንጫ ሳዘጋጅ አስራ ምናምን ክረምት አልፎኛል። ሐኪም አይደለሁም። ስለ በሽታ የማውቀው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የሰማሁትንና በራሴ ጥፋት የተማርኩትን ነው። ጥፋቴን ላስቀድም።

ዓመታት አልፈውታል። ሜዳችን ከጣና ዳር ብዙም አይርቅም። የፍጻሜው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሰፈሩ ውስጥ ውሃ ጠፍቷል። ሰማዩ ያፈሳል፣ ቧንቧው ደርቋል። ልጆቹ ማሊያ ለብሰው ታኬታቸውን እያሰሩ ነው፣ ዳኛው ሰዓቱን ያያል። ሁለት ልጆች ጠርቼ ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ሰጠኋቸውና «ውሃ ፈልጋችሁ አምጡ» አልኳቸው። ከየት እንደሚያመጡ አልጠየቅኩም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ተመለሱ። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ትንሽ ደፍረስ ብሏል። ጀሪካኑ አፍ ላይ አንዲት የደንገል ስንጣሪ ተንሳፋለች። አየኋት። በጣቴ አውጥቼ ጣልኳት።

ደንገል ከሐይቁ ዳር እንጂ ከቧንቧ አይመጣም። ይሄን ለማወቅ ታንኳ ሠሪ መሆን አያስፈልግም። አውቄዋለሁ፣ ግን ጨዋታው ሊጀመር ነበር።

እረፍት ላይ ሁሉም ጠጡ። አንገቱ የተቆረጠ ሃይላንድ እንደ ኩባያ ሆኖ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። የተቃራኒው ቡድን ልጆችም መጥተው ጠጡ፣ እኛ ደግ ነንና አልከለከልንም። ዋንጫውን ወሰድን። በሦስተኛው ቀን ልምምድ ላይ ግማሹ ቡድን የለም። ዘጠኙን ተቅማጥ ይዟቸዋል። የግራ ክንፋችንን፣ የ14 ዓመት ልጅ ነው፣ ጤና ጣቢያ ተኝቶ ግሉኮስ ተሰክቶለት አገኘሁት። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እናቱ ይጮሁብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮሁም። «እኔ ልጄን የሰጠሁህ ለኳስ ነው» አሉኝ፣ በቃ። ኮሌራ አልነበረም፣ ልጁም ድኖ ተነሳ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጀሪካን ሳይ ውስጡን ሳላሸት አላልፍም።

እንግዲህ «ኳስ ኮሌራ አያመጣም» ያለው የኮሚቴ አባል አልተሳሳተም። ኮሌራ በላብ አይተላለፍም፣ በሳል አይተላለፍም፣ ትከሻ ለትከሻ በመጋፋትም አይተላለፍም። መንገዱ አፍ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር የነካው ውሃ ወይም ምግብ አፍህ ከገባ ነው የሚይዝህ። ከገባ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥም ሊጀምርህ ይችላል፣ እስከ አምስት ቀንም ሊቆይ ይችላል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ተሕዋሲው ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ይሆንና ያልፋል። ግን ለቀናት ያስተላልፋሉ። ስለዚህ «ልጆቹ ደህና ናቸው እኮ» የሚለው መከራከሪያ አይሠራም። አጥቂህ ሁለት ጎል አግብቶ እየሳቀ በዚያች ሃይላንድ ሌላውን ሊያስይዝ ይችላል።

«ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ» ይባል የለ። ተረቱ የወጣው ለነገሩ ይመስለኛል። እኔ የምጠቀምበት ለውሃው ነው።

አሁን ሜዳህን አስበው። ክረምት ነው። ጎርፉ ከላይ ሰፈር የመጸዳጃ ጉድጓዱን አጥቦ፣ ሜዳ ዳር የተጸዳዳውን ጠራርጎ በማዕዘን ምት በኩል ገብቶ ይተኛል። ልጁ ተንሸራቶ ኳስ ይነጥቃል፣ እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ይሆናል። ፊሽካ ይነፋል፣ እረፍት። አንድ ሳፋ ብርቱካን ለሁለት ለሁለት ተከፍሎ ይመጣል። በዚያው እጁ ያነሳና ይመጥጠዋል። እኔ ለስንት ዓመት ብርቱካኑን የምቆርጠው ራሴ ነበርኩ፣ ቢላዋውን ሱሪዬ ላይ እየጠረግኩ። ሌላው ቢቀር እሱን አቁም። ሙዝ ስጣቸው፣ ልጣጩን ይዞ ይበላዋል።

ሻጮቹንም አስብ፣ ግን አታባርራቸው። የክረምት ዋንጫ ለነሱ የዓመት ገቢ ነው። ቀርበህ አነጋግራቸው። የተጠበሰ በቆሎ ከእሳት ወጥቶ ትኩሱን እጅ ላይ ከገባ ችግር የለውም። ድንች ቅቅል ትኩስ ሆኖ ገዢው ራሱ ከላጠው ደህና ነው። ተልጦና ተቆርጦ ውሃ እየተርከፈከፈበት የሚሸጥ ሸንኮራ ግን ይቅር። ውሃውን ከየት እንዳመጣው ጠይቀው፣ መልሱን ፊቱ ላይ ታገኘዋለህ።

ስለ ውሃ እንዲህ አድርግ። ለየቡድኑ ክዳን ያለው የራሱ ጀሪካን ይኑረው። ውሃው የቧንቧም ቢሆን ውሃ አጋር (ተሕዋሲ የሚገድለውን የክሎሪን ፈሳሽ) ጨምርበት፣ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ አንብብ። ከጨመርክ በኋላ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ልጆቹ ሲያሟሙቁ ከጨመርከው ለእረፍት ይደርሳል። እረፍት ላይ ጨምረህ ወዲያው ብታጠጣቸው ግን ሽታውን ነው ያጠጣሃቸው። እያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ሃይላንድ ከቤቱ ይዞ ይምጣ። የረሳ ልጅ ይጠማል እንጂ ከጓደኛው አይጠጣም፣ እዚህ ላይ ጨካኝ ሁን። ሌላ ጀሪካን ከሥሩ ትበሳና ቡሽ ታደርግበታለህ፣ ሳሙናውን በስቶኪንግ አስረህ ታንጠለጥልበታለህ፣ እጅ መታጠቢያ ሆነ። ሳሙናው እንዳይሰረቅ ነው ስቶኪንጉ። ሳቅ ካልክ ሳቅ፣ ሦስት ሳሙና ከጠፋብኝ በኋላ ያገኘሁት ዘዴ ነው።

መጸዳጃ ቤት ሌላው ነው። ሜዳው አጠገብ ቁልፉን የሚሰጥህ ትምህርት ቤት ወይም ግቢ ከሌለ ተመልካች አትሰብስብ። ሦስት መቶ ሰው ለሁለት ሰዓት ቆሞ የት ሊሄድ ነው? ቁጥቋጦው ጀርባ ይሄዳል፣ ማታ ይዘንባል፣ ጠዋት ሐይቁ ውስጥ ነው።

«ነፍስ ይቀድማል፣ ዝም ብላችሁ አቁሙ» ያላችሁትም አልተሳሳታችሁም። እኔም ያቆምኩበት ጊዜ አለ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ሲነገር፣ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤትም ስፖርታዊ ውድድርም ተዘጋ። ልክ ነበር። ያኛው በትንፋሽ የሚሄድ በሽታ ነው፣ መሰብሰቡ ራሱ ነው መንገዱ። ከዚያ አንድ ወር ገደማ ቀደም ብሎ ሚላን ላይ የቤርጋሞው ክለብ አታላንታ ቫሌንሲያን 4 ለ 1 ሲያሸንፍ ከቤርጋሞ የመጣ 40 ሺህ ገደማ ደጋፊ ሳን ሲሮ ስታዲየም ውስጥ ተቃቅፎ ጨፍሯል። ሳምንታት ሳይቆይ ቤርጋሞ የጣሊያን ወረርሽኝ እምብርት ሆነች። ጨዋታው ብቻውን አመጣው ማለት አይቻልም፣ ግን የአገሩ ሐኪሞች ራሳቸው ያቺን ምሽት ጠርጥረዋታል። እኛም ጋ ፕሪሚየር ሊጉ ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። ባህር ዳር በመጋቢት መጨረሻ እንቅስቃሴ ተዘግቶባት ባጃጅ እንኳን አልነበረም።

ግን ማቆም ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ያየሁትም ያኔ ነው። ልጆቼን «ቤት ተቀመጡ» አልኳቸው። ተቀመጡ። ከወር በኋላ ስሰማ የተቀመጡት አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ ስምንት ሆነው፣ መስኮት ዘግተው፣ ፕሌይስቴሽን ላይ። የጀርመን ሊግ ግንቦት 8 ሲመለስ ደግሞ መጋረጃ ጋርዶ የሚያሳይ ዲኤስቲቪ ቤት ተገኘ። ጀርመኖቹ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ተጫወቱ፣ እኛ በሞላ ክፍል ውስጥ አየናቸው። ሜዳ ላይ ተራርቀው ኳስ ቢያንቀረቅቡ ይሻላቸው ነበር። ስለዚህ ብታቆምም በማግስቱ ለልጆቹ የምትሰጣቸው ነገር ይኑርህ፦ አራት አራት ሆነው ሩጫ፣ የየራሳቸው ኳስ፣ የሆነ ነገር። «ጫት ቤት ከሚውል ይጫወት» ያለው ሰውዬ የሚያወራው ስለዚህ ነው፣ አትናቁት።

በማቆምና በመቀጠል መሃልም ብዙ ቦታ አለ። በ2013 ሊጉ ሲመለስ ቡድኖቹ አገር ለአገር ከሚዞሩ አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ተጫወቱ፦ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ጉዞው ቀነሰ። ያን ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የመጀመሪያ ዋንጫውን ወሰደ። የጣና ሞገዶቹ (የባህር ዳር ከነማ) ደጋፊ ሆኜ ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን እውነት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹም ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረቱት እዚሁ ከተማችን ነው፣ መጋቢት 15፣ ኮሮና ገና ሳይለቀን።

በፍርሃት ብቻ መወሰንም ያሳስታል። የ2007ቱን የአፍሪካ ዋንጫ አስታውሱ። ሞሮኮ አንድም የኢቦላ ታማሚ ሳይገኝባት «ይራዘምልኝ» አለች። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) እምቢ ብሎ ውድድሩን ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ ወሰደው። የሚገርመው ኢቦላ የገባባት ጊኒ (ከኢኳቶሪያል ጊኒ ሌላ አገር ናት) የሜዳዋን ማጣሪያ ስትጫወት የነበረው ካዛብላንካ፣ እዚያችው ሞሮኮ ነው። ውድድሩ ተካሄደ፣ ጊኒም ተጫወተች፣ ኢቦላ ከዚያ ውድድር ተነስቶ ሲስፋፋ አልታየም። ምክንያቱም ኢቦላ የታመመ ሰው የሰውነት ፈሳሽ ካልነካህ አይደርስብህም። በሽታው በየት በኩል እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው የተሳሳተውን በር ነው የሚዘጋው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ማታ ኮሚቴውን ሰብስበህ በጽሑፍ አስቀምጥ፦ ፎርፌ። ሦስት ልጅ ያመመው ቡድን በፎርፌ እንደማይሸነፍ፣ ጨዋታው በሌላ ቀን እንደሚደረግ። ይሄ ካልተጻፈ አሰልጣኙ ይደብቃል። እኔም እደብቅ ነበር። ካሜሩን ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ኮሞሮስ ሁለት በረኛ በኮሮና፣ አንዱ በጉዳት ወጥተውባት ተከላካይዋን ጓንት አልብሳ ነው ከአዘጋጇ ጋር የተጫወተችው። ደንቡ 11 ጤነኛ ሰው ካለህ በረኛ ባይኖርህም ትጫወታለህ ይል ነበርና። ልጁ ጀግና ተባለ፣ 2 ለ 1 ብቻ ተሸነፉ፣ ሁላችንም ወደድነው። የሰፈር ዋንጫ ላይ ግን እንዲህ ዓይነት ደንብ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ ሆዱን አስሮ ሜዳ ያስገባዋል።

እንግዲህ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን፦ ቀበሌያችሁ ውስጥ እስካሁን ታማሚ ከሌለ ሁለቱን ግማሽ ፍጻሜ አጫውት፣ ውሃው፣ ሳሙናውና መጸዳጃው ከተሟሉ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አታጫውት፣ ወረርሽኝ ባይኖርም። ፍጻሜውን አሁን አታድርገው። ፍጻሜ ሲባል ከአባይ ማዶ ሁሉ ሰው ይመጣል፣ አትችለውም። መስከረም ዝናቡ ሲያባራ አድርገው። ያኔ ደግሞ ወባ አለ፣ ስለዚህ ሳይመሽ ይለቅ። በቀበሌው አንድ ሰው እንኳን ከተጠረጠረ ግን ያኑ ቀን አቁም፣ የጤና ባለሙያዎቹ «አሁን ቀጥሉ» እስኪሉህ ድረስ። ኮሚቴው እንዳይጨቃጨቅ ይሄንንም አስቀድማችሁ ፈርሙበት።

ቦርሳህ ውስጥ ኦአርኤስ ያዝ፣ በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽ ለመተካት በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት። ከጠፋ፣ ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ይሄ እስከ ጤና ጣቢያ ማድረሻ ነው። እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ የያዘውን ልጅ «ትንሽ ይረፍ» ብለህ ጥላ ሥር አታስቀምጠው፣ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ባጃጅ ጥራና ውሰደው።

ጀሪካን ካጠራችሁ እኔ ጋ አራት አሉ። ሁለቱ ክዳን የላቸውም፣ እነሱን ለእጅ መታጠቢያ ትበሳቸዋለህ። ዓርብ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ በውስጥ ጻፍልኝና መጥተህ ውሰድ።