ጳጉሜ የት ትግባ? ወር ስለ መደመር ጥያቄና መልስ

ደብረ ብርሃን ሆኜ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ፕሮግራም እጽፋለሁ። ዛሬ ብርዱ ከቤት አላስወጣኝም። ስለ ቀንና ወር ስሌት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ።

ከደብረ ሲና፦ ወር ለመጨመር 30 ቀን እደምራለሁ። የኛ ወር 30 አይደል? ችግር አለው?

11 ወር በሰላም ትሄዳለህ። ነሐሴ 10 ላይ 30 ቀን ስትደምር ግን መስከረም 5 ይመጣል። ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ መስከረም 4። እኔም ጉድ ሆኜበታለሁ። አንዲት እናት የቁጠባ ደብተራቸውን ይዘው መጡና «ልጄ፣ የኔ ቀን 10 ነው፤ ማን ነካው?» አሉኝ። ምን ልበል? ቀኑን ሳትነካ ወሩን ብቻ ጨምር።

ከመሐል ሜዳ፦ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ከጃንዋሪ 31 በሴትመንዝ (setMonth፣ ወር የሚቀይረው ትእዛዝ) አንድ ወር ብጨምር ማርች 3 አለኝ። ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ነው?

ሴትመንዝ ስትል የናንተው መንዝ መስሎኝ ሳቅሁ። ባግ አይደለም። ፌብሩዋሪ 31 የሚባል ቀን ስለሌለ ትርፉን ወደ ማርች ይገፋዋል። ጃቫ የሚባለው ሌላ ቋንቋና ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ግን የወሩ መጨረሻ ላይ፣ ፌብሩዋሪ 28 ላይ ይቆማሉ። ጉዱ የሚወጣው ወደ እኛ ስትመልሰው ነው። ጃንዋሪ 31/2025 ማለት ጥር 23/2017 ነው። ቀጣዩ ክፍያ የካቲት 23 መሆን ሲገባው፣ ጃቫ የካቲት 21 ይልሃል፣ ጃቫስክሪፕት 24። ስለዚህ ወሩን በኢትዮጵያ ደምር። ዳታቤዝ ውስጥ ስታስቀምጥ ብቻ ወደ ፈረንጅ ለውጠው።

ከደብረ ብርሃን፦ የፈረንጅ ቀን ብቻ የሚጠቀም ደንበኛ ቢኖረኝስ?

ሁሌም ብድሩ ከተጀመረበት ቀን ተነሺ። ከጃንዋሪ 31 ወደ ፌብሩዋሪ 28 ሄደሽ፣ ከዚያ ላይ ወር ከጨመርሽ ማርች 28 ላይ ትቀሪያለሽ። 31 ጠፋ ማለት ነው።

ከሸኖ፦ ጳጉሜ 6 መሆኗን በምን ልወቅ?

ዓመቱን ለ4 ስታካፍል 3 ከቀረህ 6 ናት። 2015 እንደዛ ነበር፤ 2019ም ነው።

ከዓለም ከተማ፦ ጳጉሜ 3 የተበደረ ሰው መቼ ይክፈል?

ይሄንን ኮድ አይመልስልህም፤ ገንዘብ ያዡን ጠይቅ። መስከረም 3 ካልክ ሰውየው 5 ቀን ብቻ አገኘ። ጥቅምት 3 ካልክ 35። እኔ የምሠራላቸው ነሐሴ 30 እንደተበደረ ቁጠረው ብለውኝ፣ መስከረም 30 ይከፍላል። ብቻ ጳጉሜን 13ኛ ወር አድርገህ የቤት ኪራይ እንዳታስከፍልበት፤ ተከራዮቹ አንተኑ ፍለጋ ይመጣሉ።